የሮበርት ኦወን የሕይወት ታሪክና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የሚጽፉ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ጦር የመሩትን፤ አገር ያቀኑትን ወይም አዲስ መሣሪያ የፈለሰፉትን ነው። እኔ ግን ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥኩት አንድ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅን ነው። ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ዓመት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የክፍል አለቃ ነበርኩ። መምህር በሌለበት ሰዓት የሚረብሹትን ልጆች ስም በወረቀት ጽፎ ማቅረብ የእኔ ሥራ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ያጠራቀምኳቸውን ወረቀቶች ባገላብጥ በሁሉም ላይ የሰፈሩት ያው አምስት ስሞች ሆነው አገኘኋቸው። ከአምስቱ ልጆች አንዱም እንኳ አልተሻሻለም፤ የእኔ የቅርብ ጓደኞች ስም ደግሞ አንድም ቀን አልተጻፈም። ክፍሉም ጸጥ ይል የነበረው እስክሪብቶ ይዤ ስቆም ብቻ ነበር። ሰውን ማስተዳደር ማለት ምን እንደሆነ አለማወቄን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ሥራ አመራር የተጻፈውን ሳነብ ሮበርት ኦወን ከሚባል ሰው ታሪክ ላይ ደረስኩ። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ኦወን በ1771 ዓ.ም. በግንቦት ወር ኒውታውን በምትባል በዌልስ አገር በምትገኝ ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮርቻ የሚሠራና ብረታ ብረት የሚሸጥ፤ እንዲሁም የከተማውን ፖስታ ቤት የሚጠብቅ ሰው ነበር። ልጁ ገና በሰባት ዓመቱ ለመምህሩ ረዳት ሆኖ ታናናሾቹን ያስተምር ጀመር። የመደበኛ ትምህርቱ ግን በዚያው አበቃ። አሥር ዓመት ሲሞላው ወደ ሎንዶን ወደ ወንድሙ ተላከ፤ ከዚያም ስታምፎርድ በተባለች ከተማ ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ ተቀጥሮ ሙያ ይማር ጀመር። ነጋዴው ብዙ መጻሕፍት ነበሩትና ኦወን ከሥራው በተረፈው ጊዜ ሁሉ ያነብ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ታላቅ ለውጥ ተነሥቶ ነበር። ቀድሞ እናቶች በቤታቸው ተቀምጠው በእጃቸው ይፈትሉት የነበረው ጥጥ በውሃና በእንፋሎት ኃይል በሚሠሩ መኪናዎች መፈተል ጀመረ። ማንቸስተር የምትባለው ከተማ የዚህ ሥራ መናኸሪያ ሆነች። ኦወንም ወደዚያው ሄዶ፤ ከወንድሙ 100 ፓውንድ ተበድሮ፤ ከአንድ ሸሪክ ጋር የመፍተያ መኪና እየሠራ መሸጥ ያዘ። ቀጥሎም ድሪንክዋተር የተባለ ባለጸጋ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሲፈልግ ኦወን ቀርቦ በዓመት 300 ፓውንድ እንዲከፈለው ጠየቀ። ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበር። ባለጸጋው በጥያቄው ቢገረምም ቀጠረው፤ 500 ያህል ሠራተኞችንም ከእጁ በታች አደረገለት።

እዚህ ላይ ያደረገውን ነገር ሳነብ በጣም ተደንቄአለሁ። አዲስ አለቃ ሲሾም አብዛኛውን ጊዜ ሥልጣኑን ለማሳየት በመጀመሪያው ቀን ትእዛዝ ያበዛል። ኦወን ግን ስድስት ሳምንት ያህል አንድም ቀጥተኛ ትእዛዝ አልሰጠም። ጧት ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ ማታ ከሁሉ በኋላ ይወጣል፤ እያንዳንዱን መኪናና እያንዳንዱን ሠራተኛ ዝም ብሎ ይመለከታል። ለሚጠይቁትም አዎን ወይም አይደለም ከማለት በቀር ብዙ አይናገርም ነበር። ሥራውን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ነው ማዘዝ የጀመረው። ብዙም ሳይቆይ የፋብሪካው ፈትል በጥራቱ በገበያ ላይ ስም አገኘ።

በዚህ መካከል ኦወን ወደ ስኮትላንድ ለንግድ ሲመላለስ ካሮላይን ዴል የምትባል ልጃገረድ አወቀ። አባቷ ዴቪድ ዴል በክላይድ ወንዝ ዳር፤ ኒው ላናርክ በተባለ ስፍራ፤ በውሃ ኃይል የሚሠሩ ትልልቅ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች ነበሩት። በ1799 ዓ.ም. ኦወንና ሸሪኮቹ ፋብሪካዎቹን በ60,000 ፓውንድ ገዙ፤ ዋጋውም በሃያ ዓመት ውስጥ ተከፍሎ እንዲያልቅ ተስማሙ። በዚያው ዓመት ኦወን ካሮላይንን አገባ። በአዲሱ ዓመት መባቻ፤ በ1800 ዓ.ም.፤ የኒው ላናርክን አስተዳደር ተረከበ።

የተረከበው ፋብሪካ ብቻ አልነበረም፤ 2,000 ያህል ሰዎች የሚኖሩበት መንደር ጭምር ነው እንጂ። ከእነዚህም ውስጥ 500 የሚሆኑት ከድኾች መጠለያ የመጡ ሕፃናት ነበሩ። አማቹ ዴል ለዘመኑ ደግ አሠሪ ቢሆንም ሕፃናቱ በቀን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ይሠሩ ነበር። ማታ የሚሰጣቸውን ትምህርት ከድካም ብዛት መከታተል አይችሉም ነበር። ከትልልቆቹም መካከል ስካርና ስርቆት በዝቶ ነበር። ሌላ የፋብሪካ ጌታ ቢሆን ጅራፍና ወኅኒ ቤት ያዘጋጅ ነበር። ኦወን ግን ሰው ክፉ የሚሆነው ያደገበትና የሚኖርበት ሁኔታ ክፉ ሲሆን ነው ብሎ ያምን ስለነበር፤ ሰዎቹን ከመቅጣት ይልቅ ሁኔታውን መለወጥ ጀመረ።

በመጀመሪያ ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በፋብሪካ እንዳይቀጠሩ አደረገ። ከድኾች መጠለያ ሕፃናትን ማምጣቱንም አቆመ። ቤቶቹ እንዲስፋፉና መንገዶቹ እንዲጠረጉ አደረገ። የመንደሩ ሰዎች በዱቤ እየገዙ መጥፎ ዕቃ በውድ ዋጋ ይወስዱ ስለነበር፤ ጥሩ ዕቃ በብዛት ተገዝቶ በርካሽ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። ከሱቁ የሚገኘው ትርፍም ለትምህርት ቤቱ ወጪ ይውል ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከደመወዙ ከስድሳ አንድ እጅ እያዋጣ ሲታመምና ሲያረጅ የሚረዳበት ገንዘብ እንዲቋቋም አደረገ። የሥራውንም ሰዓት ቀስ በቀስ ቀንሶ በ1816 ዓ.ም. ወደ አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ አወረደው።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚስበው ግን አንዲት ትንሽ እንጨት ናት። ኦወን በእያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ አራት ጎን ያላት ቁራጭ እንጨት አንጠለጠለ። አንዱ ጎን ጥቁር፤ አንዱ ሰማያዊ፤ አንዱ ቢጫ፤ አንዱ ነጭ ነበር። ትናንት ሥራው መጥፎ የሆነ ሠራተኛ ዛሬ ጥቁሩ ጎን ወደ ፊት ይዞርበታል፤ መካከለኛ የሆነ ሰማያዊው፤ ጥሩ የሆነ ቢጫው፤ እጅግ መልካም የሆነ ነጩ ይዞርለታል። ቀለሙን የሚያዞሩት የየክፍሉ ኃላፊዎች ነበሩ፤ በየቀኑም በመዝገብ ይጻፍ ነበር። ተበድያለሁ የሚል ሠራተኛ በቀጥታ ለኦወን የማመልከት መብት ነበረው። ኦወን በመኪናዎቹ መካከል ሲያልፍ እንጨቷንና ሰውየውን ይመለከታል እንጂ ጥቁር የዞረበትን እንኳ አይቆጣም ነበር። በመጀመሪያ ጥቁሩ በዝቶ ይታይ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ቢጫውና ነጩ እየበዛ ሄደ።

ይህን ሳነብ የራሴን ወረቀት አስታወስኩ። የእኔ ወረቀት አንድ ቀለም ብቻ ነበራት፤ እርሱም ጥቁር ነው። መልካም የሠራውን የምጽፍበት ቦታ አልነበራትም። የኦወን እንጨት የትናንቱን ሥራ ብቻ ስለምትናገር ሰውየው ዛሬ ቢተጋ ነገ ትዞርለታለች። የእኔ ወረቀት ግን አምስቱን ልጆች አንድ ጊዜ ረባሽ ብላ ከሰየመች በኋላ የምትመልስበት መንገድ አልነበራትም። አቤቱታ የሚቀርብበትም ስፍራ አላዘጋጀሁም።

ሆኖም የኒው ላናርክ ሰዎች ኦወንን ወዲያው አልወደዱትም። ከሌላ አገር የመጣ፤ አነጋገሩም የተለየ ሰው ስለነበር ሊበዘብዘን ነው ብለው ጠረጠሩት። ልባቸውን ያገኘው በችግር ቀን ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር በተጋጨች ጊዜ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። ጥሬው ጥጥ ስለተወደደ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ሠራተኞቻቸውም ተበተኑ። ኦወንም መኪናዎቹን ለአራት ወር አቆመ፤ ነገር ግን አንድም ሰው አላባረረም። መኪናዎቹን እያጸዱ እንዲጠብቁ ብቻ አዞ ደመወዛቸውን ሳያጓድል ከፈለ። ለዚህ የወጣው ገንዘብ ከ7,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሠራተኞቹ በሙሉ ልባቸው አመኑት።

ሸሪኮቹ ግን ገንዘባችን ለሕፃናትና ለመንደር ማሳመሪያ ይባክናል እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። በ1813 ዓ.ም. ፋብሪካው በሐራጅ እንዲሸጥ ሆነ። ኦወን አስቀድሞ ጄረሚ ቤንታም የተባለው ፈላስፋ የሚገኝበትን አዲስ የሸሪኮች ቡድን አሰባስቦ ነበርና በ114,100 ፓውንድ መልሶ ገዛው። አዲሶቹ ሸሪኮች በዓመት ከመቶ አምስት ትርፍ ይበቃናል፤ የቀረው ለሠራተኞቹና ለልጆቻቸው ጥቅም ይዋል ብለው የተስማሙ ናቸው። ኦወን ወደ መንደሩ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው።

ከዚህ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያሰበውን ትምህርት ቤት ሠርቶ በ1816 ዓ.ም. በአዲሱ ዓመት ቀን ከፈተ። መራመድ የቻሉ ሕፃናት ሁሉ ይቀበሉ ነበር። መምህራኑ ልጆቹን እንዳይመቱና እንዳይቆጡ ታዘዙ፤ ትንንሾቹ በመጽሐፍ ከመጨነቃቸው በፊት በሥዕል፤ በካርታ፤ በመዝሙርና በጭፈራ እንዲማሩ ተደረገ። ማታ ማታ ደግሞ ትልልቆቹ ከሥራ ወጥተው በዚያው ቤት ይማሩ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደረግ ፋብሪካው አልከሰረም፤ እንዲያውም ያተርፍ ነበር። ስለዚህ ነገሩን በዓይናቸው ለማየት ከ1815 እስከ 1825 ዓ.ም. ድረስ 20,000 የሚደርሱ እንግዶች መጥተው በመዝገብ ላይ ፈርመዋል። ከእነዚህም አንዱ በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ኒኮላስ ነበር።

ኦወን በራሱ መንደር ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በመላው አገር የሕፃናት ጉልበት በሕግ እንዲጠበቅ ምክር ቤቱን ወተወተ። በ1819 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጥጥ ፋብሪካ እንዳይሠሩ፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያሉትም በቀን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ነገር ግን አፈጻጸሙን የሚቈጣጠር ደመወዝተኛ ስላልተመደበ ብዙ አልሠራም። እውነተኛ ተቈጣጣሪዎች የተሾሙት በ1833 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው።

ስለ እርሻም ያሰበው ነገር ነበር። ጦርነቱ በ1815 ዓ.ም. አብቅቶ ሥራ ፈት በበዛ ጊዜ፤ ከ500 እስከ 1,500 የሚሆኑ ሰዎች በአንድ መንደር ተሰብስበው መሬቱን በኅብረት እንዲያለሙ፤ ወጥ ቤታቸውና ትምህርት ቤታቸው የጋራ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። በማረሻ ፈንታ በአካፋ ቢቆፈር መሬቱ የበለጠ ይሰጣል፤ ለብዙ ሰውም ሥራ ይገኛል ብሎ ያምን ነበር። መንግሥት ሐሳቡን ባይቀበለው በራሱ ገንዘብ ሊሞክረው ተነሣ። በ1825 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ አገር በኢንዲያና ግዛት ከጀርመን የመጡ ሃይማኖተኞች ያቀኑትን መንደርና 20,000 ኤከር ያህል መሬት ገዝቶ ኒው ሃርመኒ አለው።

እዚህ ግን ነገሩ አልቀናውም። በሩን ለመጣው ሁሉ ስለከፈተ በጥቂት ወራት ውስጥ 800 ያህል ሰው ተሰበሰበ። ከመካከላቸው ገበሬውና የእጅ ባለሙያው ጥቂት፤ ተናጋሪው ግን ብዙ ነበር። ኦወን ራሱ ወዲያው ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ወራት ቆየ። ያ በማንቸስተር ስድስት ሳምንት ዝም ብሎ የተመለከተ ሰው በኒው ሃርመኒ አልተቀመጠም። መተዳደሪያ ደንቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ተለዋወጠ፤ እርሻው ችላ ተባለ፤ ሰዎቹም ተጣልተው ተከፋፈሉ። በ1827 ዓ.ም. ማኅበሩ ፈረሰ። ኦወን 40,000 ፓውንድ ያህል፤ ማለት ከሀብቱ አብዛኛውን፤ አጣበት።

የአንድ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ጉድለቱን መሸፈን አይገባምና ሌሎቹንም ልጥቀስ። በኒው ላናርክ የሚፈተለው ጥጥ አብዛኛው በአሜሪካ በባርነት የተያዙ ጥቁር ሕዝቦች የለቀሙት ነበር። አሥር ዓመት የሞላው ልጅም ያው ወደ ፋብሪካ ይገባ ነበር። ከዚህም ሌላ፤ ኦወን ለሠራተኞቹ ብዙ ነገር ቢያደርግላቸውም እነርሱን አማክሮ የወሰነው ጥቂት ነው። የቤቶችን ንጽሕና እየዞሩ የሚመረምሩ ሰዎች ሲያቆም የመንደሩ ሴቶች በራቸው በመደፈሩ ተቈጥተው እንደነበር ተጽፎአል። የሠራተኛውን ቀለም ኃላፊው ያዞራል፤ የኃላፊውን ሥራ ኦወን ይመረምራል፤ የኦወንን ቀለም የሚያዞር ግን ማንም አልነበረም።

ከአሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ከኒው ላናርክም ተለያየ። ቀሪ ዕድሜውን የሠራተኛ ማኅበራትንና የኅብረት ሥራን በማስተማር አሳለፈ። በ1834 ዓ.ም. የተቋቋመው ታላቅ የሠራተኞች ማኅበር በእርሱ መሪነት ቢጀመርም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። በመጨረሻም ወደ ተወለደባት ወደ ኒውታውን ተመልሶ በኅዳር ወር 1858 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ዐረፈ፤ በወላጆቹም መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ አብሮት አልተቀበረም። በ1844 ዓ.ም. ሮችዴል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ 28 ሰዎች፤ አንዳንዶቹ የኦወን ተከታዮች የነበሩ፤ ጥቂት በጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፤ ቅቤ፤ ስኳርና ሻማ ይሸጡ ነበር። በማኅበሩ ባለብዙ ገንዘቡም ባለጥቂቱም አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ነበረው፤ ትርፉም እንደየግዢው መጠን ይከፋፈል ነበር። ኦወን ከላይ ሆኖ የሰጠውን እነርሱ ከታች ሆነው በእጃቸው ያዙት፤ ስለዚህም ጸና። በአገራችን በ1960 ዓ.ም. ስለ እርሻ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬም በየሰፈራችን ዘይትና ስኳር የምንገዛባቸው የሸማቾች ማኅበራት የዚያች ትንሽ ሱቅ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በሮችዴልም እውነት ሆኖ ታይቶአል። የኒው ላናርክ መንደርም በ2001 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል።

አሁን ወደ ክፍላችን ልመለስ። ዘንድሮ መምህራችን እንደገና አለቃ ባደረጉኝ ጊዜ የስም ወረቀቱን ትቼ በካርቶን ባለአራት ቀለም ምልክት ለእያንዳንዱ ዴስክ አዘጋጀሁ። ቅሬታ ያለው እንዲነግረኝም አስታወቅሁ። ሁለት ሳምንት ያህል በደንብ ሄደ፤ ካለፈው ዓመት አምስት ልጆች ሁለቱ ቢጫ አገኙ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንዲት የክፍላችን ልጅ ተነሥታ የአለቃውን ቀለም የሚያዞረው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከእርስዋ ጥያቄ በኋላ ነው የኦወን ታሪክ በሙሉ የገባኝ ብል ሐሰት አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ የእኔ ቀለም በክፍሉ ድምፅ ይወሰናል። በመጀመሪያው ዓርብ የተሰጠኝ ሰማያዊ ነው።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ ከእኛ መካከል ነገ የፋብሪካ ኃላፊ፤ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ወይም የእርሻ ሥራ መሪ የሚሆን አይጠፋም። ያ ሰው ከማዘዙ በፊት እንዲመለከት፤ ጥፋትን ብቻ ሳይሆን መልካም ሥራንም እንዲመዘግብ፤ በችግር ቀን ሠራተኛውን እንዳይበትን የሮበርት ኦወን ሕይወት ያስተምረዋል። የራሱንም ቀለም የሚያዞርለት ሰው ከአሁኑ እንዲፈልግ እመክረዋለሁ።